«ይበል» እስኪሉኝ

ጥቅምት ፰ ቀን ፲፰፻፺፮፣ ጊኒር

«ጎባ፣ የኔታ ገብረ ሥላሴ ዘንድ የገባ ልጅ በሦስት ወሩ የገዛ ስሙን ይረሳል» ሲል ሰማሁ፤ አንዱ ጭነት ነጂ ለሌላው፣ በቅሎ ሲያራግፉ። ሰውየው የሚቀልድ አይመስልም። ጥንቃቄ ደግሞ አይጎዳም። ስለዚህ የዚህ ደብተር መጀመሪያ ላይ እጽፈዋለሁ፦ ደምመላሽ በየነ። ዐሥራ ስምንት ዓመት። የባላምባራስ በየነ ልጅ። ከጠፋብኝ እዚህ አለ። (የማንን ደም እንደምመልስ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።)

ዛሬ ሌላ ነገር የለም። ገበያ ነው። ግመል፣ ሰንጋ፣ ቅቤ፣ አሞሌ። የሐረር ዓረብኛዬን ሞከርኩ፤ አንድ ሼህ እስኪያለቅሱ ሳቁና ቴምር ሰጡኝ። የእኔ ዓረብኛ የመጽሐፍ ነው... ቴምር ስጠይቅ እንደ ነቢይ ሳልናገር አልቀረሁም።

ስምንት ዓመት ሐረር፣ የፈረንጆች ሚሲዮን አዳሪ ቤት። አባቴ ከጦሩ ጋር ወደ ባሌ ሲታዘዝ «እስክመለስ» ብሎ ለአባ ፍራንሷ ሰጠኝ። አልተመለሰም፤ መሬት ተሰጠው። ከአርመን፣ ከግሪክ፣ ከየመን፣ ከሶማሌና ከኦሮሞ ልጆች ጋር አደግኩ። የምንጸልየው በየቋንቋችን ነበር፤ የምንጣላው በፈረንሳይኛ። በቃል ጥናት ሦስት ዓመት በተከታታይ ሜዳሊያ ወሰድኩ። አሁን አባቴ «ልጄ ጨርሶ ፈረንጅ ሳይሆን ላኩልኝ፤ ቅኔ ይማር» ብሎ አስጻፈ። አባ ፍራንሷ ሲሸኙኝ፦ «ድሬዳዋ ባቡር ገብቷል። አስተርጓሚ ይሻሉ። ቅኔው ካልሆነልህ ጻፍልኝ።»

እንደማይሆንልኝ እርግጠኛ ነኝ። ቢሆንልኝስ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት ፲፮፣ ጎባ

ጎባ ብርድ ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ፦ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን የወታደር ጎጆ፣ የጥድ አጥር፣ ከሁሉም በላይ ጭጋግ። አባቴ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ረዝመሃል» አለ። ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ንግግር ይኸው ነው። እናቴ አሰገደች ግን የሁለታቸውንም ድርሻ አለቀሰች።

ከምሳ በኋላ አባቴ ነገሩን ቁርጥ አደረገ።

«ሁለት ዓመት እሰጥሃለሁ። የኔታ በሰው ፊት ይበል ካሉህ የቤተ ክህነት ሰው ነህ፤ እጄን አላነሣብህም። ካላሉህ ገባሮቼን ትቆጣጠራለህ። ያውልህ።»

ያውልህ ያለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ነው።

«ይበል የተባለ ሰው አለ ወይ እስካሁን?» አልኩ።

«እኔ ከመጣሁ አልሰማሁም።»

ጥቅምት ፲፱

የኔታን አየኋቸው። አጭር ሰው። ጎጇቸው ደጅ የተቆረጠ ጥድ ጉቶ ላይ፣ የበግ ለምድ ደርበው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ የዋሸራ ቅኔ። ከታቦቱ ጋር በትእዛዝ መጡ አሉ።

«ምን ታውቃለህ?»

ቆጠርኩላቸው። ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ጥቂት ላቲን፣ ሒሳብ፣ የምድር ሥዕል፣ በልጅነቴ ዳዊት። በአክብሮት ሰሙኝ።

«ዳዊትን ለምን መጨረሻ አደረግከው?»

ዝም።

«ምድር ትዞራለች ይላሉ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«እንዲያ ከሆነ ቁጭ ብለንም መንገድ ላይ ነን። ደግ ነገር ነው።» ከዚያ ወረቀት ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። «እዚህ ወረቀት የለም። ብራናም የለም። ያለው ጆሮ ነው።»

ይህን ደብተር ከሣር ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ወንጀለኛ... ሚሲዮን ቤት ሁለት ወር ፈጅቶብኝ ነበር።

ጥቅምት ፳፪

ተማሪዎቹ ከእኔ ጋር ስድስት ነን። አለቃችን ብዙነህ ነው። የዋድላ ሰው፣ ሃያ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ሦስተኛ ዓመቱ። መወድሱን፣ ስምንት ቤት ያለውን ትልቁን ቅኔ፣ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ይነግረዋል። እኔን «ፈረንጁ» ይለኛል።

እያንዳንዱ ጎጆውን ራሱ ይሠራል። ከአስታ እንጨትና ከሣር ሠራሁ። ብዙነህ ዞሮ ዞሮ አያት።

«ፈረንጁ፣ ይቺ ጎጆ ለማን ልትሰግድ ነው የተጎነበሰችው?»

ኅዳር ፫

ዛሬ ሜዳሊያ የሚያሰጥ ሥራ ሠራሁ።

እዚህ ቀኑ እንዲህ ነው። ጠዋት ሁሉም ለየብቻው ጫካ ይገባል፤ ጥድ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከሰዓት በየተራ በየኔታ ፊት ይነግራል። ትናንት የብዙነህን መወድስ አንድ ጊዜ ሰማሁና ያዝኩት። ስምንቱንም ቤት። ሐረር እንዲህ ነበር፤ መምህሩ ጥሩውን ያሰማሃል፣ ሳታዛንፍ ትመልሳለህ፣ ይጨበጨብልሃል። ዛሬ ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ አንድ ፊደል ሳልጥል አደረስኩት።

ከዚያ ሳቅ። ብዙነህ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የኔታ እጃቸውን ሲያነሡ ሁሉም ቆመ።

«የማን ነው?»

«የብዙነህ ነው፣ የኔታ። ትናንት የነገረው።»

«ብዙነህ ትናንት ቀበረው። አንተ ለምን ቆፈርከው?»

«ጥሩ ስለሆነ...»

«ጥሩ ስለሆነማ ነው የተቀበረው። ክፉ ቢሆን እንደገና አምጣ እለው ነበር።»

ተቀመጥኩ። ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

እዚህ አንድ ሰው የቆጠረውን አንዴ ይናገራል፤ አበቃ። አይጻፍም። አይደገምም። ነገ ሌላ። ብዙነህ በሦስት ዓመት ስንት ቀብሯል? መጀመሪያ ብክነት መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን... እንጃ። የሚሲዮን ተማሪ ጥሩ ነገር እንዳይጠፋበት ይዞ ይጠብቃል። የየኔታ ተማሪ ነገም ጥሩ ነገር እንደሚመጣ አምኖ ይጥላል። ከሁለቱ ሀብታሙ የትኛው ነው?

ኅዳር ፬

ስሜ አሁን «ቆፋሪው» ሆኗል። «ፈረንጁ» ናፈቀኝ።

ኅዳር ፰፣ ረቡዕ

ልመና ወጣሁ። የባላምባራስ ልጅ መሆን አያድንም፤ የኔታ «የእናቱን ሌማት እያሰበ ቅኔ የቆጠረ የለም» ብለዋል። አኩፋዳ በአንገት፣ ዱላ በእጅ። ብዙነህ አስተማረኝ፦ «ቁራሽ የምትሰጥህን ሴት ዓይን ዓይኗን አትይ። ከውሻው ላይ ግን ዓይንህን አትንቀል።» ይህን የሚያህል ግልጽ ትምህርት በስምንት ዓመት አላገኘሁም።

ረቡዕ ሮቤ ሜዳ ላይ ገበያ ይቆማልና በዚያ መንገድ ወረድን። በዚያ በኩል የወታደር ቤት የለም፤ ኦሮሞዎች ናቸው፣ እስላሞች። ብዙነህ አንድ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ባልቴት ብቅ አሉ።

«ማል በርባዳ?» ምን ትፈልጋለህ ማለታቸው ነው። «መርየም እኔ ነኝ። ምን ሆናችሁ ነው የምትጮኹት?»

በሐረር ኦሮምኛዬ ገባሁ። «እርስዎን አይደለም እናቴ። ስለ ማርያም ብለው ቁራሽ ይስጡን ነው።»

«የቷ ማርያም?»

«የዒሳ እናት።»

«እሷንማ እናውቃታለን» አሉና ገቡ። ጮጮ ሙሉ ወተት ይዘው ወጡ። «እንካ፣ አናን ዱጊ፣ ወተት ጠጣ!»

ወተት። በረቡዕ። ብዙነህ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

«ዛሬ አንጠጣም፣ ጾም ነው» አልኳቸው።

«ስሟን ጠርታችሁ ለመናችሁ። ሲሰጣችሁ አንፈልግም አላችሁ። ይቺ መርየም ምን ብላ ነው ያስተማረቻችሁ?»

ጮጮውን ተሸክመን ወደ የኔታ ሄድን። ብዙነህ ሕግ ሊጠቅስ አፉን ሲከፍት የኔታ ቀደሙት።

«የሰው እጅ አይመለስም። አስቀምጡት። ሐሙስ እርጎ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ነገ ጮጮውን አጥባችሁ ስትመልሱ አመስግኑ።»

ይኸው ነው። ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ጮጮ፣ ሦስት አጭር ትእዛዝ። አባ ፍራንሷ ቢሆኑ ለበላያቸው ደብዳቤ ጽፈው መልስ እስኪመጣ ወተቱ አይብ ይሆን ነበር።

ኅዳር ፲፫

ጋቢ ልለውጥ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ገባሮች ማርና ገብስ አስገብተው ቆመዋል። ከመሃላቸው የወተቷ ባልቴት፣ ሰፈሩ አዮ፣ እናት፣ የሚላቸው መርየም። አወቁኝ።

«አንተ ለማኙ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«...የባላምባራስ ልጅ ነኝ።»

ከዚያ ረጋ ብለው፦ «አባትህ ያስገብረኛል። አንተ ትለምነኛለህ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ለምን አትበቁኝም?»

አባቴ «ምን አለች?» አለኝ። ኦሮምኛ አልለመደም።

«ሰላም አለችኝ» አልኩ። አስተርጓሚ መሆን እንደማይከብደኝ አሁን አወቅኩ።

ኅዳር ፲፬

ከእኔ በቀር ማንም ልመና ወደ አዮ መርየም ደጅ እንዲሄድ ብዙነህን ለመንኩት። እምቢ አለ። «አንተ ነህ የምትሄደው። ቅኔ የሚገኘው የሚያፍሩበት ቦታ ነው።» ይህን ከየት አመጣው? ከየኔታ ነው፤ የእሱ አይመስልም።

ጥር ፳፩

የመጀመሪያ ጉባኤ ቃናዬን ነገርኩ። ሁለት ቤት ብቻ። ስለ ረቡዕ ወተት ነው፤ ቀኑ እስኪደርስ በመቅደስ ከጠበቀው ከአረጋዊው ስምዖን ጋር አገናኘሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለመናገር የትንፋሽ ያህል።

የኔታ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። «ነገ ደግሞ» አሉ።

በቃ? ብዙነህ ግን ትከሻዬን መታኝ። «እኔን ነገ ደግሞ ያሉኝ በስንት ጊዜዬ መሰለህ? እስከዚያ ድረስ ተቀመጥ ነበር የሚሉኝ።»

ወደ ጎጆዬ ስሄድ እስቅ ነበር። ለማስታወሻ ያህል፦ እስካሁን የመጣሁት ለመውደቅ ነበር።

መጋቢት ፲፩

የአባ ፍራንሷ ደብዳቤ በነጋዴዎች እጅ ደረሰኝ። ድሬዳዋ ቦታ ተገኝቷል። ከግንቦት በፊት ድረስ። ንጹሕ ልብስ፣ አልጋ፣ ጋዜጣ ከማርሴይ... እዚህ ሣር ላይ ተኝቼ ቁንጫ ፈረንሳይኛዬን ትበላለች።

ሦስት ቀን ሆነኝ፤ አልመለስኩም። ምን እጠብቃለሁ?

መጋቢት ፲፰

የጠበቅኩት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ስነግር አንድ ግስ ሳትኩ። የኔታ አቆሙኝ። «ይህን በኅዳርም እንዲሁ ስተሃል። ቅዳሜ ነበር፣ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ከብዙነህ ቀጥለህ ነበር። ያኔ አርሜሃለሁ።» ትክክለኛውን ነገሩኝ። እኔ ግን ያኔ እንዲህ አላሉኝም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ግሶች ጽፌያቸዋለሁ። ሮጬ ከፍራሼ ሥር አወጣሁና አየሁ። እርማቱን የጻፍኩት ተሳስቼ ነው። አራት ወር ሙሉ ስሕተቴን አጥንቻለሁ ማለት ነው።

ደብተሬ ዋሸ። እሳቸው አልዋሹም። ስድስት ሰው በየቀኑ ይነግራቸዋል፤ የእያንዳንዳችን ስሕተት ከነዝናቡ እሳቸው ዘንድ አለ። በሐረር ቤተ መጻሕፍት የነበረው መጽሐፍ ሁሉ ተደምሮ እኔ በየትኛው ቀን እንደሳትኩ አያውቅም።

ለአባ ፍራንሷ ጻፍኩ። «አመሰግናለሁ። እዚህ እቆያለሁ» ብዬ። ምክንያት ልጽፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩ። በፈረንሳይኛ የሚያሳምን አልሆነልኝም።

አሁን መመለሻ የለም። ይበል፣ ወይም ጠመንጃው።

መስከረም ፬ ቀን ፲፰፻፺፯

ዓመት ሆነኝ ሊባል ነው። ስሜን አልረሳሁም። የረሳሁት የሜዳሊያውን ቀለም ነው።

ከስድስታችን ሦስቱ ወታደር ሆነው ሄዱ። አንዱ ሃረና ጫካ ወረደ፤ የዱር ቡና ለቅሞ ይነግዳል አሉ። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ እንደ ወንፊት ነው። የቀረነው የቀረነው ነን።

የካቲት ፱

መወድስ ጀመርኩ። ስምንት ቤት ሊሠሩ ገብተው ስድስት ላይ ጣሪያው ይወድቃል። የኔታ በየቀኑ ፍርስራሹን በትዕግሥት ያነሡልኛል። ተቆጥተው አያውቁም። ሲከፉ «ለመሆኑ ይህን ለማን ነው የተናገርከው?» ይላሉ። ከዱላ ይከብዳል።

ሰኔ ፲፯

ብዙነህ ሄደ።

ሠርከአዲስ የምትባል የአንድ ወታደር ልጅ አጭተውለታል፤ ከእሷ ጋር መሬት፣ ከመሬቱ ጋር ገባር። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ጎጆውን ሲያፈርስ አገዝኩት።

«ይቆጭሃል» አልኩ።

«ይቆጨኛል። ግን ወንድሜ፣ ቅኔ አይታረስም።»

«የኔታ ምን አሉ?»

«ምንም። ባረኩኝ።»

ሰኔ ፲፱

የኔታ ሁለት ቀን ጉቶው ላይ አልተቀመጡም። ከጎጇቸው አልወጡም። ተማሪን እንዲህ የሚወድ መምህር አይቼ አላውቅም። ሐረር ሳለሁ አንድ ልጅ ሲወጣ አልጋው ላይ በዚያው ቀን ሌላ ይተኛበት ነበር።

ከስድስቱ እኔ ቀረሁ። አዲስ የገቡ አምስት ትንንሾች አሉ፤ ግስ ይቆጥራሉ።

ሐምሌ ፪

የኔታ ጠሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለብቻዬ።

«ለመስከረም ማርያም መወድስ ታቀርባለህ። በሕዝብ ፊት።»

«የኔታ፣ ሦስት ወር እንኳ የለም።»

«ፍጠን።»

በሁለት ዓመት ፍጠን ሲሉ የሰማሁት ዛሬ ነው። ለብዙነህም አላሉም። አንድ ነገር አይተውብኝ ይሆን? እንዲህ ብሎ መጻፍ ትዕቢት ነው። ግን ጻፍኩት።

ነሐሴ ፳፰

አዮ መርየም ደጅ ሄጄ ነበር። አሁን ሳልጮህ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ውሻውም ለምዶኛል።

«አልጨረስክም ገና?» አሉ።

«በመስከረም እፈተናለሁ። ከወደቅኩ የአባቴን ገባር እቆጣጠራለሁ። እርስዎንም ጭምር።»

ጮጮውን እስከ አፉ ሞሉት። «ጠጣ። እንዳትወድቅ።»

መስከረም ፳፩ ቀን ፲፰፻፺፰

በተርታ ልጻፍ።

ቅዳሴ ወጣ። መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ካህናቱ። አባቴ ከፊት ቆሟል፤ እናቴ ከሴቶቹ በኩል። የኔታ በዓይናቸው ጠሩኝ። ጀመርኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ድምፄ ተሰበረ። አራተኛው ላይ ተመለሰ። ስድስተኛው ላይ፣ ሁልጊዜ በሚፈርስበት ቦታ፣ አልፈረሰም። ስምንተኛውን ስጨርስ ጭጋጉ ሳይቀር ቆሞ የሚሰማ መሰለኝ።

የኔታ መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡ።

«ይበል።»

አንድ ጊዜ ብቻ። ካህናቱ ተቀበሉት፤ ይበል፣ ይበል እያሉ። አባቴ በሕዝብ ፊት ሲያለቅስ አየሁት፤ ጎባ ሲያለቅስ ያየችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አሉ። መጥቶ «ረዝመሃል» አለኝ። አሁን ሲለው ሌላ ነገር ነበር።

ቅኔውን እዚህ አልጽፈውም። ተቀብሯል።

መስከረም ፳፯

ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። ይቀዘቅዛል። አምስቱ ልጆች በየተራ ነገሩኝ፤ አንዱ የትናንቱን የጓደኛውን ደገመ። ልስቅ ነበር፤ ያዝኩት።

የኔታ ሰኞ ይነሣሉ። ወደ ጎጃም። በቅሏቸው ተጭና አልቃለች፤ የሚጫነው ነገር ለምድና ስንቅ ብቻ ነው። ትናንት «ጉባኤው ያንተ ነው» ሲሉኝ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። የማላውቀው ብዙ ነው አልኳቸው። «ልጆቹ ያስተምሩሃል» አሉ። ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም። የልጅ ፊት።

ዛሬ ጠዋት የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። የገዢው ደብዳቤ ነው፤ ለጉባኤው እንዲቀመጥ። «አንተ ዘንድ ይሁን፤ ወረቀት ትወዳለህ» አሉ። ስለ ደብተሬ ያውቁ ኖሯል።

ልጆቹን ሸኝቼ አነበብኩት። አጭር ነው። «ተተኪ ሳያቆሙ ከጎባ እንዳይወጡ ብናዝዝም፣ ደምመላሽ በየነ መወድስ አቅርቦ ይበል የተባለ መሆኑንና በእግርዎ እሱን መተካትዎን ስለ ገለጹልን፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲለምኑን እንደ ኖሩት ወደ አገርዎ እንዲገቡ ፈቅደናል።»

ጽሕፈቱ ያምራል። ማኅተሙ ደኅና ነው። የተጻፈው ነሐሴ ፲፩ ቀን ነው፤ ከመስከረም ማርያም አርባ አምስት ቀን በፊት።